ከፍሬም የወጣው እጅ

ከኤዲቲንግ ክፍል ወደ ውጭ የማይወራ ነገር ልንገራችሁ። በዜና ሰዓት ስክሪኑ ጥግ ላይ የምታዩት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቦታ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሎጎው ቦታውን ይይዛል፣ የእንግዳው ስም ይይዛል፣ ከታች የሚሮጠው ስክሮል ይይዛል። የተረፈችው ጥግ ለአስተርጓሚው ትሰጣለች።

ጉዳቱ የሚገባው የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ነው። የሰው ወይም የቦታ ስም በጣት ፊደል ሲጻፍ የእጁ ቅርጽ የሚናገረው የፊደሉን ዘር ብቻ ነው፤ «ለ» ይሁን «ሉ» ወይስ «ሊ» የሚለየው በእጁ እንቅስቃሴ ነው። ሳጥኑ ጠቦ እጁ ከፍሬም ከወጣ፣ ወይም ስክሮሉ ከሸፈነው፣ ተመልካቹ የማን ነገር እንደተወራ ሳያውቅ ዜናው ያልፋል። ፊትም የቋንቋው አካል ነው፤ ቅንድብ ጨለማ ውስጥ ከቀረ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ይጠፋል። ሥራቸውን የሚያውቁ ባልደረቦቼ ቀረጻ ሳይጀመር አስተርጓሚው ክርኑን ዘርግቶ እንዲያሳያቸው ይጠይቃሉ፤ ፍሬሙን የሚወስኑት በዚያ ነው። ስክሪፕቱንም ቀድመው ይሰጡታል፣ በተለይ ስሞቹን።

ለዓይነ ስውራን የሚደረገው ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። «በስክሪኑ ላይ በሚታየው ቁጥር ይደውሉ» ይባላል፤ ቁጥሩን የሚያነብ ግን የለም። በዶክመንተሪም የተናጋሪው ስም በጽሑፍ ብቻ ይወጣና አድማጩ ማን እየተናገረ እንደሆነ አያውቅም። ተራኪው ከንግግሩ በፊት ስሙን እንዲጠራ ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃ ነበር።

ስለ ማጀቢያ ሙዚቃም ላንሳ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በከፍተኛው ደረጃው ሙዚቃው ከንግግሩ ቢያንስ በ20 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። እኛ ጋ ክራሩ ከተናጋሪው ጋር እኩል ሲሰማ «ስሜት አለው» ይባላል። የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ሰው ግን ቃሉን ከክራሩ መለየት ይቸግረዋል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ መገናኛ ብዙኃንም እዚያ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ሆኖም የፕሮግራም በጀት ሲሠራ የካሜራ ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ይያዛል፤ ሥራው አየር ላይ ከመዋሉ በፊት ለሚያየው መስማት የተሳነው ገምጋሚ የሚከፈል ገንዘብ ሲያዝ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።