በአጋጣሚ ተገናኝተው፦ ሁለት ወንዶች በሮማንስ ኮሜዲ

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ደረጃ ላይ ይጋጫሉ፣ የአንዱ ቡና በሌላው ሸሚዝ ላይ ይደፋል፣ ይነታረካሉ፣ ይፋቀራሉ፣ በአንድ ውሸት ይኳረፋሉ፣ በመጨረሻም ይታረቃሉ። ፖስተር ላይ «ሮማንስ ኮሜዲ» የሚል ጽሑፍ ያየ የአዲስ አበባ ተመልካች ቲኬት የሚቆርጠው ይህንኑ ብሎ ነው፤ መጨረሻው እንደሚያምር ገና አዳራሹ ሳይገባ ያውቀዋል። ተፋቃሪዎቹ ሁለት ወንዶች ሲሆኑ ግን ይህ ተራ የሚመስል ውል ለረጅም ጊዜ አይሠራም ነበር። የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ከመጽሐፍም ከፊልምም ፈጽሞ ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ሳቁና የሚያምረው መጨረሻ ነበር።

ለዚህ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ፎርስተር ልብ ወለዱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሞሪስ የተማረና ገንዘብ ያለው የአክሲዮን ደላላ ነው። በወዳጁ ርስት በእንግድነት ሳለ አንድ ሌሊት የርስቱ አደን ጠባቂ አሌክ በመሰላል ወጥቶ በመስኮት ይገባል። በማግስቱ ሊረሳ የሚችል ነገር ነበር፤ ደራሲው ግን አላስረሳቸውም፣ አብረው እንዲኖሩ አደረጋቸው። በኋላ በጻፈው ማስታወሻ እንዳብራራው መጨረሻው ማማር አለበት ብሎ ቆርጦ ነበር፤ አንደኛው ራሱን ቢሰቅል ኖሮ መጽሐፉን ለማሳተም ያን ያህል ባልተቸገረ። በእንግሊዝ ሕግ የሁለት ወንዶች ግንኙነት እስከ 1967 ድረስ ወንጀል ነበር። «ሞሪስ» የታተመው ደራሲው በሞተ በዓመቱ፣ በ1971 ነው።

ሆሊውድ ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የሄይስ ደንብ እንዲህ ያለውን ፍቅር በፍንጭ እንኳ ማሳየትን ይከለክል ነበር። በ1961 ላላ ሲልም ገጸ ባሕርያቱ ብቅ ያሉት በአብዛኛው ሊሞቱ ነው። ቪቶ ሩሶ «ዘ ሴሉሎይድ ክሎዜት» በተባለው መጽሐፉ ማን ራሱን እንዳጠፋ፣ ማን እንደተገደለ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ዝርዝሩ መጀመሪያ ይዘገንናል፣ ቆይቶ ግን ያስቃል፤ የፊልም ጸሐፊዎቹ ሌላ መላ ጠፍቷቸው ነው ወይ ያሰኛል።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የአጋጣሚ ነገር የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድና ሴትን ዘመድ ያስተዋውቃቸዋል፣ ጎረቤት ያጣምራቸዋል፣ ሲበስል ሽማግሌ ይላካል። ለሁለት ወንዶች ይህን የሚያደርግ አልነበረም። መንገድ ላይ የተጋጠመ ዓይን፣ ባቡር ውስጥ የተቀመጡበት ወንበር፣ የአንድ ሌሊት ጭፈራ ቤት፤ በሩ ይኸው ብቻ ነበር። ስለዚህ በሌላው ሮማንስ ኮሜዲ የድርሰት ብልሃት የሆነው ግጥሚያ እዚህ የኑሮው ሐቅ ነው። በ1985 የወጣው የስቲቨን ፍሪርስ «ማይ ቢውቲፉል ላውንድሬት» ለዚህ ይጠቀሳል፤ የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ የሆነው ኦማርና የጎዳና ዱርዬው ጆኒ ከልጅነት ትውውቅ በኋላ ሌሊት መንገድ ላይ ይገናኙና ለንደን ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ቤት ይከፍታሉ። ለቴሌቪዥን ተብሎ በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራው ይህ ፊልም ሲያልቅ ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ከባኞው ውኃ እየተረጫጩ ይጫወታሉ። በዚያ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የዘውጉን ባሕርይ በአንድ ፊልም አሳየኝ የሚለኝ ቢኖር የምጠራለት የጂም ፎልን «ትሪክ» (1999) ነው። ገብርኤል የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ሕልሙ ግን ለብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔት መድረስ ነው። በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ማርክ ከሚባል የጭፈራ ቤት ደናሽ ጋር ይተያያሉ። ሁለቱም የሚፈልጉት ግልጽ ነው፤ ችግሩ ቦታ ነው። የገብርኤል ጠባብ ቤት ውስጥ ወሬዋ የማያልቅ ጓደኛው አለች፤ እሷ ስትሄድ ደባሉ ከፍቅረኛው ጋር ከተፍ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ከተማውን ሲያስሱ ያድራሉ። የፊልሙ ብልኃት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በር ሁሉ ሲዘጋባቸው ከማውራት ሌላ ምርጫ ያጣሉ፣ ሲያወሩ ደግሞ ይዋደዳሉ። መንጋቱ ሲቃረብ ማርክ ስልክ ቁጥሩን ይሰጠዋል። ገብርኤል ሐሰተኛ ቁጥር እንዳይሆን ሰግቶ ወዲያው ከመንገድ ስልክ ይደውላል፤ የመልእክት መቀበያው የማርክን ድምፅ ያሰማዋል። ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑ እንደ ሠርግ ያስደስታል። አልጋ ላይ የደረሰ ነገር የለም።

አንድሪው ሄይግ በ2011 በሠራው «ዊክኤንድ» ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ራስልና ግሌን ኖቲንግሃም ውስጥ አርብ ማታ ጭፈራ ቤት ይገናኛሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ጠዋት ላይ ግሌን የድምፅ መቅጃ አውጥቶ «ስለ ትናንት ማታ አውራልኝ» ይለዋል፤ ለጥበብ ሥራው ነው። ራስል ያፍራል፣ ቃላት ይጠፉበታል። ግሌን እሑድ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው። ከ«ትሪክ» ይልቅ ትካዜ ቢኖረውም ኮሜዲው የሚፈልገውን ጥያቄ ከሁሉ አጥርቶ ያነሣው ይህ ፊልም ይመስለኛል፦ ጠዋት ምን ይባላል? ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ ግራይንደር የተባለው የስልክ መተግበሪያ ወጥቶ ነበርና መገናኘት ከዚያ ወዲህ ቀሏል። የጠዋቱ ወሬ ግን አልቀለለም።

በእስያ ታሪኩ በሌላ መንገድ ሄዷል። ጃፓን ውስጥ ይህን ዘውግ ያሳደጉት በዋናነት ሴት የካርቱን ደራሲዎችና ሴት አንባቢዎች ናቸው፤ ኬይኮ ታኬሚያ «ካዜ ቶ ኪ ኖ ኡታ»ን ማሳተም የጀመረችው በ1976 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች እንባ የበዛባቸው ነበሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ መጥቶ እጅግ ካሳቀኝ አንዱ የቶኪዮ ቴሌቪዥን በ2020 ያሳየው «ቼሪ ማጂክ» ነው። አዳቺ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ፍቅር ያልቀመሰ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በልደቱ የነካውን ሰው ሐሳብ የመስማት ኃይል ያገኛል። በተጨናነቀ ሊፍት ውስጥ የቢሮው ኮከብ ኩሮሳዋ ይደገፈዋል፣ አዳቺም ያ የሁሉም ዓይን ያረፈበት ሰው በሆዱ የሚያስበው ስለ እሱ እንደሆነ ይሰማል። ታይላንድ ደግሞ ዘውጉን ኢንዱስትሪ አደረገችው። በዚያው ዓመት የታየው «ቱጌዘር» ውስጥ ታይን አላስቆም አላስቀምጥ ያለውን ወንድ ለመሸሽ ሳራዋት የተባለውን ሙዚቀኛ ፍቅረኛ መስሎ እንዲተውንለት ይለምነዋል፤ ቀሪውን መገመት አያዳግትም። የሚያናድዱ ልማዶችም አሉ፦ ተዋንያኑን ከካሜራ ውጭም እንደ ጥንድ መሸጥ፣ «ወንድ አልወድም፣ የምወደው አንተን ብቻ ነው» የምትለው የተሰለቸች ማምለጫ። ያም ሆኖ በታይላንድ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የፈቀደው ሕግ በጥር 2025 ሥራ ላይ ሲውል ወጣቶቹ በተከታታይ ድራማ ከለመዱት ብዙ የራቀ አልነበረም።

በምዕራቡ ገበያ ነገሩ አሁን ተራ ሆኗል። አንድ ትልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮ «ላቭ፣ ሳይመን»ን በ2018 አወጣ፤ የአሊስ ኦስማን «ሃርትስቶፐር» ከኢንተርኔት ካርቱን ተነሥቶ በ2022 ኔትፍሊክስ ላይ ደረሰ፤ እዚያ አጋጣሚው የትምህርት ቤት የመቀመጫ ድልድል ነው። ሲኒማ ቤት ግን ሌላ ነው። በ2022 በዩኒቨርሳል የተሠራው «ብሮስ» በአሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያስገባው 4.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ፊልም ሰው ከሲኒማ ይልቅ ቤቱ ሆኖ ማየት የሚመርጥ ይመስላል።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩ አሁንም የሕግ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። ኬንያ ውስጥ ዋኑሪ ካሂዩ በ2018 የሁለት ወጣት ሴቶችን ፍቅር በናይሮቢ ደማቅ ቀለማት ያሳየችበትን «ራፊኪ»ን ሠራች፤ በካን ፌስቲቫል በይፋ የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ነው። የፊልም ምደባ ቦርዱ አገደው። ዳይሬክተሯ እንደተናገረችው ቦርዱን ያስከፋው መጨረሻው ነበር፤ ልጆቹ የሚጸጸቱበት ቢሆን ይፈቀድ ነበር። ፎርስተር ከመቶ ዓመት በፊት የገጠመው ያው ነው። ካሂዩ መጨረሻውን አልቀየረችም፤ ፍርድ ቤት ሄደች። ፊልሙ ለኦስካር መወዳደር ይችል ዘንድ እገዳው ለሰባት ቀናት ተነሣ፣ የናይሮቢ ሲኒማ ቤቶችም በሰው ተሞሉ። በስምንተኛው ቀን እገዳው ተመለሰ፤ በ2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አጸናው።