ሽምግልናና ግልግል ዳኝነት ይለያያሉ፤ ከመፈረም በፊት ጠበቃ እንዴት ይገኛል?

ክሬሰንት ታውን ፎቆች ውስጥ ሐበሻ ከሐበሻ በገንዘብ ሲጣላ ከጠበቃ በፊት የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሲመጣ ነው። በቅርቡ ከሸሪካቸው ጋር የተጋጩ አንድ ጎረቤታችን "የሽምግልና ወረቀት ናት፤ አንብቢልኝና ልፈርም" ብለው ሰጡኝ። ሳነበው የግልግል ዳኝነት ውል ነበር። ጠበቃ ሳያየው እንዳይፈርሙ ነገርኳቸው። ቤተሰብ ወረቀት የሚያስነብበው እኛን ተማሪዎቹን ስለሆነ ልዩነቱን ብናውቀው ይጠቅማል።

በሽምግልና ሽማግሌዎቹ ያግባባሉ፤ ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። በግልግል ዳኝነት ግን የመረጣችሁት ሰው ይፈርዳል። በ1991 በወጣው የኦንታሪዮ ሕግ መሠረት ፍርዱ አስገዳጅ ነው፤ በፍርድ ቤት በኩል ይፈጸማል፤ ይግባኝ የሚባልበት መንገድም ጠባብ ነው። የአገር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም የግልግል ዳኝነትንና ዕርቅን ለየብቻ ይደነግጋል።

ግልግል ዳኝነት ጥቅም አለው፤ ጉዳዩ በአደባባይ አይታይም፤ ዳኛውንም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ነገር ግን የፍርድ ቤት ዳኛን ደመወዝ መንግሥት ሲከፍል የግልግል ዳኛውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ዴቪድ ሄለር የተባለ የቶሮንቶ የኡበር ኢትስ አሽከርካሪ ውሉ ክርክሩን ወደ ኔዘርላንድስ ይመራው ነበር፤ ለማስጀመር ብቻ 14,500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይጠይቃል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ያንን የውል አንቀጽ ውድቅ አደረገው። እዚያ ለመድረስ ግን ዓመታት ፈጅቷል።

ጠበቃ ስትፈልጉ፦

1. የኦንታሪዮ ሎው ሶሳይቲ የሪፈራል አገልግሎት ከጠበቃ ጋር ያገናኛል፤ እስከ 30 ደቂቃ ያለው የመጀመሪያ ምክር በነጻ ነው። ፈቃድ ያለው መሆኑንም በማኅበሩ መዝገብ ማየት ይቻላል።

2. የግልግል ዳኛ ለመምረጥ የኤዲአር ኢንስቲትዩት ኦፍ ኦንታሪዮ የባለሙያዎች ዝርዝር አለው። የእናንተ ጠበቃ ዳኛችሁ ሊሆን አይችልም።

3. ጠበቃውን ጠይቁ፦ ከዚህ በፊት በግልግል ጉዳይ ተከራክረዋል? ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በቁርጥ? የዳኛውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ውሉ የይግባኝ መብቴን ይነካል? አስተርጓሚ ይኖራል?

ሁለት ጉዳዮች ለየት ይላሉ። በፍቺና በልጆች ጉዳይ፣ ከ2006ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ፣ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው ጠበቃ ምክር ማግኘት አለባቸው፤ ፍርዱም በካናዳ ሕግ ብቻ ካልተሰጠ አይጸናም። የቤት ኪራይ ክርክር ደግሞ የሚታየው በኦንታሪዮ የአከራይና ተከራይ ቦርድ ነው።

በነርሲንግ ትምህርታችን ታካሚ ምን እንደሚደረግለት ሳይገባው የሰጠው ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። በውል ግን "አልገባኝም ነበር" ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። ስለዚህ ወላጆቻችን ወረቀት ሲሰጡን ተርጉመን ብቻ አንመልስላቸው፤ "ይህ ፍርድ ቤት የመሄድ መብትዎን ይነካል ወይ?" ብለን ከጠበቃ ጋር እንጠይቅላቸው።