የሠሪው ስም የሌለበት ስለት

አሮጌ ሰንጢ የሚሰበስብ ሰው ዕቃውን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚፈልገው ስለቱን አይደለም፤ ከእጀታው ሥር የታተመችውን ምልክት ነው። «ዞሊንገን» የሚል ካነበበ ብረቱ የጀርመኗ የስለት ከተማ ሥራ መሆኑን ያውቃል። ጀርመን በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከተማይቱ አካባቢ ያልተሠራ ስለት በዚህ ስም እንዳይሸጥ ከልክላለች። ፈረንሳዊው ጆዜፍ ኦፒኔል ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገበሬ ሰንጢ ሲሠራ ቆይቶ ኋላ ዘውድ የደፋ እጅ ምልክቱ አደረገ። ያችን እጅ ያየ ሰብሳቢ ሌላ ምስክር አይሻም።

ከዞሊንገን ወደ አገራችንም ስለት መጥቷል። የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ጎራዴዎች ዛሬም በየቤቱና በየሙዚየሙ አሉ።

ከመንዝ ቤት የወጣ አሮጌ ካራ ግን ማኅተም የለውም። ምክንያቱ የሙያ ጉድለት አይደለም። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ካራውን የሚሠራው ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ይፈራና ይናቅ ነበር። በተናቀ ስም ዕቃውን ማን ያስከብራል? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ ግን ስድቡን ከገበያ አላጠፋውም።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባች። ይህ ለሰብሳቢ ወሬ ብቻ አይደለም። የአገር ቀጥቃጮች ዛሬ ቢላዋ ከሚሠሩባቸው ብረቶች አንዱ የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ስለዚህ ከባሌስትራ የተሠራ ካራ «የዐድዋ ዘመን ነው» ተብሎ ቢቀርብ ገዢው መሣቅ ይችላል።

ማኅተም በሌለበት ዕቃው ራሱ ይነበባል። ሞረድ ለዓመታት የበላው ስለት ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጀርባው ግን እንደ ወፈረ ይቀራል። የቀንድ እጀታ መዳፍ በያዘበት በኩል ይለሰልሳል። ታጣፊ ሰንጢ ከሆነ ደግሞ ተከፍቶ ሲዘጋ ጆሮ መስጠት ነው፤ ጤነኛ ሞላ «ቀጭ» ይላል፣ የደከመ ዝም ብሎ ይወድቃል። ሻጭ እንዲያብረቀርቅ በአሸዋ ወረቀት ያሸው ስለት ግን፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ግማሽ ታሪኩን አጥቷል። በስስ ዘይት ማበስ ይበቃል። አፎቱም የዕቃው አካል ስለሆነ አይጣል፤ ሆኖም ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ስለሚያዝግ ለብቻው ቢቀመጥ ይሻላል።

የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያለው ጎራዴ ሲገጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የቀንዱ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ጥያቄ ግን «ማን ሠራው?» የሚለው ነው። ሻጩ ወይም አያቱ የቀጥቃጩን ስምና መንደር የሚያውቁ ከሆነ፣ ሰብሳቢው ከዋጋ ክርክሩ በፊት በወረቀት ጽፎ ከካራው ጋር ሊያስቀምጠው ይገባል። ለዞሊንገን ስለት ይህን ሥራ ፋብሪካው ራሱ ጨርሶለታል።