የእንግሊዝኛ ቅጽል፦ መልኩ፣ ቦታውና ትርጉሙ

ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ነው። አማርኛ «ትልቅ ቤት» ብሎ ሲያበዛው «ትልልቅ ቤቶች» ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን ለአንዱም ለብዙውም «ቢግ» ይላል፤ የሚበዛው ስሙ ብቻ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ቅጽል ለጾታና ለቁጥር ይረባ ነበር፤ ቅጥያዎቹ በመካከለኛው ዘመን እየሳሱ ሄደው ጠፉ። የቅጥያው ሥራ በአመዛኙ ለቃላት ቦታ ተረፈ።

የቅጽል ዋና ቦታ ከስሙ በፊት ነው፤ «ነው» ከሚለው ግስ ዓይነት በኋላም ይገባል። «ሜይን» (ዋና) ከስም በፊት ብቻ ይመጣል፤ «አስሊፕ» (የተኛ) ግን ከግስ በኋላ እንጂ ከስም በፊት አይገባም። ቦታው ሲለወጥ ትርጉሙም የሚለወጥ አለ፦ «ዘ ፕረዘንት ሜምበርስ» የአሁኖቹ አባላት ናቸው፤ «ዘ ሜምበርስ ፕረዘንት» ግን በስብሰባው የተገኙት ናቸው። «አተርኒ ጄነራል» ቅጽሉን ከስሙ በኋላ ያስቀመጠው በፈረንሳይኛ ልማድ ነው፤ በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ለረጅም ጊዜ የሕግ ቋንቋ ሆኖ ነበር።

ቅጽሎች ሲደረደሩ አስተያየት ይቀድማል፤ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ አገር፣ የተሠራበት ነገር ይከተላሉ። «ላቭሊ ስሞል ኦልድ ብራውን ውድን ቦክስ» ማለት ቆንጆ፣ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ቡናማ የእንጨት ሣጥን ነው። ከነገሩ ተፈጥሮ ጋር ይበልጥ የተያያዘው ለስሙ ይቀርባል።

አማርኛ ሲያወዳድር «ከ» እና «ይበልጣል» ይበቁታል፤ እንግሊዝኛ ቅጽሉን ራሱን ያረባል። አጭሩ ቃል ቅጥያ ይጨምራል፦ «ቶል»፣ «ቶለር»፣ «ቶለስት»። ረጅሙ «ሞር» እና «ሞስት» ያስቀድማል። «ጉድ» ግን «ቤተር» እና «ቤስት» ሆኖ ከሥሩ ይለወጣል።

ከግስ የሚወጡ ቅጽሎች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ቦሪንግ» አሰልቺው ነው፤ «ቦርድ» የሰለቸው ነው። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው ሰለቸኝ ያለ ይመስለዋል፤ የተናገረው ግን «እኔ አሰልቺ ነኝ» ነው።

ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው ቅጽሎች ከተለያየ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ። «ኪንግሊ» የአገሩ ቃል ነው፤ «ሮያል» ከፈረንሳይኛ፣ «ሪጋል» ከላቲን ተወስደዋል። ሦስቱም «ንጉሣዊ» ማለት ናቸው። ለቤተሰብና ለተቋም የሚነገረው ግን «ሮያል» ነው፤ «ሪጋል» ለግርማ ሞገስ ይስማማል፤ «ኪንግሊ» እምብዛም አይሰማም።

ትርጉም በዘመንም ይዞራል። «ናይስ» ሥሩ «የማያውቅ» የሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ሞኝ ማለት ነበር፤ ደስ የሚል የሚለውን ትርጉም ያገኘው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። «ሲሊ» ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ ብፁዕ ማለት ነበር፤ ምስኪን በሚለው በኩል አልፎ ዛሬ ሞኝ ሆኗል። ስለዚህ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ «ናይስ» የተባለ ሰው አልተመሰገነም።