በፒያኖ ውስጥ የዛገ ቪቴ ስለ ማውጣት

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ደን የሚገኝበት የከፋ አገር ዝናም ይበዛበታል። በቦንጋም ሆነ በዙሪያዋ፥ በእንዲህ ያለ እርጥበት የፒያኖ ብረት ይዝጋል፤ እንጨቱም ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ቪቴውን አንቆ ይይዘዋል። ችኩል ሠራተኛ በጉልበት ቢያዞረው አናቱ ይበላል፤ ይባስ ብሎም አንገቱ ይቀነጠስና ጉማጁ በእንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ብልህ ሰው ግን አስቀድሞ በአናቱ ያለውን ቦይ ከዝገት ያጠራል፤ ቦዩን የሚሞላ ካቻቢቴ መርጦ፥ ቀጥ አድርጎ ተጭኖ፥ በመጀመሪያ ጥቂት ወደሚጠብቅበት፥ ቀጥሎም ወደሚላላበት ያዞራል። እንቢ ቢለው፥ እንጨቱን ሳያስነካ የጋለ ብረት በአናቱ ላይ ያሳርፋል፤ ቪቴው ሲግል ያብጣል፥ ሲበርድ ይኰማተራል፥ ዝገቱም የያዘውን ይለቃል። ዘይት ማፍሰስ ግን ክፉ ስሕተት ነው፤ እንጨቱ ዘይቱን ይጠጣውና ኋላ የሚገባውን ቪቴ አጥብቆ መያዝ ይሳነዋል።