የዓሣ ጥብስ

የዓሣ ጥብስ ተጠርጎና ተበጥቶ በጋለ ዘይት የሚጠበስ የዓሣ ምግብ ነው። በአዲስ አበባ፣ በተለይም እንደ ለገሃር ባሉ መሥሪያ ቤት በሚበዛባቸው የመሀል ከተማ ሰፈሮች፣ በጾም ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከሚታዘዙ ምግቦች አንዱ ነው። ጥሩ የዓሣ ጥብስ ውጩ ደርቆ ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ ግን ነጭና ለስላሳ ነው። ይህን በቤት ውስጥ ማግኘት ብዙዎችን ያስቸግራል። ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ዓሣው መጥበሻው ላይ ይጣበቃል፣ ወይም ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል። የችግሩ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ቅመም ሳይሆን ውኃና ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ደግሞ ሁለቱም በቆላ ካላቸው ጠባይ ይለያሉ።

ዓሣው ወደ ከተማው እንዴት ይደርሳል

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው ትልቅ ሐይቅ ወይም ወንዝ በሌለበት ደጋ ላይ ነው። ለገሃር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ዛሬም ድረስ የቆመው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። ይሁን እንጂ ሐዲዱ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ፣ ዓሣ የሚመረትባቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ማለትም ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ፣ ያሉት ወደ ደቡብ ነው። የከተማዋን የሐይቅ ዓሣ የሚያመጣው እንግዲህ ባቡር ሳይሆን መኪና ነው። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከሰሜን በኩል ጣና ሐይቅ፣ ከቅርብ ደግሞ የቆቃ ግድብ ሐይቅ ተጨማሪ ምንጮች ናቸው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት በአገር ውስጥ የሚመረተው ዓሣ በሙሉ የጨው አልባ ውኃና የሐይቅ ዓሣ ነው።

ይህ ርቀት በጥብሱ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። ዓሣ ከበሬ ሥጋ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፤ በሞቃት የሐይቅ ዳር ተይዞ ያለ በቂ በረዶ ለሰዓታት የተጓዘ ዓሣ ሥጋው ይላላል፣ ውኃ ይለቃል። ውኃ የሚለቅ ዓሣ ደግሞ ምንም ቢደረግ ኩርሽም አይልም። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሣ ነው። በሱፐርማርኬት በረዶ ሆኖ የሚሸጠው ፊሌቶም መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን በሞቀ ውኃ ሳይሆን በማቀዝቀዣ ውስጥ ሌሊቱን ቀስ ብሎ መቅለጥ አለበት።

የዓሣ ምግቦች ስም

የመሀል ከተማ የዓሣ ምግብ ዝርዝር የቋንቋ ድብልቅ ነው። ጥብስ፣ ዱለትና ለብለብ አማርኛ ናቸው። ኮተሌትና ፊሌቶ በጣሊያንኛ በኩል የገቡ ሲሆኑ፣ ጉላሽ ከሃንጋሪ የመጣ ቃል ነው። «ዓሣ ጥብስ» ሲባል ባብዛኛው ሙሉ ዓሣ ማለት ነው፤ ግራና ቀኙ በቢላ በጥልቀት ተበጥቶ ስለሚጠበስ የተበጣው ሥጋ ወደ ውጭ ይገለበጥና እየተቆረሰ በእጅ ይበላል። አጥንቱ የወጣለትና በዱቄት ወይም በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የሚጠበሰው ኮተሌት ይባላል። ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አጠባበስ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ዓሣና ጾም

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ውስጥ ለብዙ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባሉ። ረጅሙ ጾም 55 ቀን የሚፈጀው ሁዳዴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ ልማዱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ይበላል፣ ሌላው እንደ ሥጋ ቆጥሮ ይተዋል፣ ሌላው ደግሞ በሁዳዴ ብቻ ይተዋል። ያም ሆኖ የዓሣ ገበያ የሚደራውና ዋጋው የሚወደደው በጾም ወቅት ነው።

ዓሣ ሌላም ጠቀሜታ አለው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። ዓሣ ግን አይታረድምና «ማን አረደው?» የሚል ጥያቄ አያስነሣም። የተለያየ እምነት ያላቸው የሥራ ባልደረቦች ከአንድ ሳህን መብላት ሲፈልጉ ዓሣ ማዘዛቸው አያስገርምም።

ቆሮሶና አምባዛ

ለጥብስ የሚመረጠው ቆሮሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፣ ነው። ነጭ ሥጋ፣ መለስተኛ ጣዕምና ለአንድ ሰው የሚበቃ መጠን ስላለው ተፈላጊ ነው። በአባያና በጫሞ የሚገኘው ናይል ፐርች ሥጋው ወፍራም በመሆኑ ለፊሌቶ ይመቻል። አምባዛ ግን በብዙ ቤት አይገባም። ምክንያቱ ጣዕሙ ሳይሆን ቆዳው ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ ስለሚከለክልና አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ምእመናን አይበሉትም።

በአሜሪካ ደቡብ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በቆሎ ዱቄት ተለውሶ በብረት መጥበሻ የሚጠበሰው የዚያ አካባቢ ዋነኛ ዓሣ የአምባዛ ዘመድ ነው። ከወንዝ በቀላሉ ይያዝ ስለነበር በባርነት ይኖሩ የነበሩ አፍሪካውያንና ድኻ ነጮች የሚመገቡት ዓሣ ነበር፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በሚሲሲፒ ግዛት በኩሬ በስፋት ይረባል። በአትላንታና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥብስ በየምግብ ቤቱ ያገኙታል፤ ዓሣው አምባዛ መሰል መሆኑን የሚያውቁና የማያውቁ ግን እኩል አይደሉም።

ምርጫው በሐይቆቹ ላይም ጫና አለው። ሁሉም ቆሮሶ ብቻ ሲፈልግ፣ በዝዋይና በሐዋሳ እንደታየው፣ ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ያልደረሰው ቆሮሶ ሁሉ ይያዛል፤ በገበያ የሚገኘውም እያነሰ ይሄዳል። አምባዛንና ካርፕን መብላት ይህን ጫና ያቀልላል፤ አምባዛን በተመለከተ ግን ጉዳዩ የእምነት በመሆኑ በምግብ አዘገጃጀት ምክር ብቻ የሚፈታ አይደለም። እምነቱ ለማይከለክለው ሰው፣ የአምባዛ ሥጋ ቅባት ስላለው በጥብስ ጊዜ ከቆሮሶ ይልቅ ድርቀትን ይቋቋማል።

ሽፋኑ ኩርሽም የሚለው ለምንድን ነው

ዓሣ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚታየው አረፋ ዘይቱ ፈልቶ ሳይሆን የዓሣው ውኃ ወደ እንፋሎትነት ተቀይሮ ሲወጣ ነው። ላዩ ላይ ውኃ እስካለ ድረስ የዚያ ቦታ ሙቀት ከውኃ መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም። ዱቄቱ ወርቃማ ቀለምና የጥብስ ሽታ የሚያገኘው ላዩ ደርቆ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። እርጥብ ዓሣ እንግዲህ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ከዚያ ነው የሚጠበሰው፤ እስከዚያው ውስጡ ከልክ በላይ ይበስላል።

በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የዓሣው እርጥበት ቶሎ ይወጣል፣ ሽፋኑ ቶሎ ይደርቅና ይጠቁራል፤ ውስጡ ደግሞ የሚበስለው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። በውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ ላይ 185 ወይም 190 ዲግሪ የሚለውን የዘይት ሙቀት እንዳለ የሚከተል የአዲስ አበባ ሰው ውጩ ያረረ፣ ውስጡ ጥሬ ዓሣ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ከፍታ ከ170 እስከ 175 ዲግሪ ይበቃል። ቴርሞሜትር በሌለበት የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ሲነከር ዙሪያውን ትንንሽ አረፋ ያለማቋረጥ ካወጣ ዘይቱ ደርሷል፤ አረፋው በኃይል ከተንጣጣ ወይም ዘይቱ ከጨሰ ከልክ በላይ ግሏል።

በቤት ውስጥ አዘገጃጀት

ለአራት ሰው 1 ኪሎ ግራም ፊሌቶ ወይም አራት መካከለኛ ቆሮሶ ይበቃል። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ቅርፊቱ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ ወጥቶ፣ ደሙ በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ ይታጠባል።

የሐይቅ ዓሣ አንዳንዴ የጭቃ ሽታ አለው። ይህ የሚመጣው በውኃ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚሠራ ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አሲድ ያፈርሰዋል። ዓሣን በሎሚ የማሸት የቆየ ልማድ እንግዲህ መሠረት አለው። ሆኖም ከ10 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም፤ ሎሚ ሥጋውን ያለ እሳት «ያበስለዋል»፣ ሲጠበስም ይፈራርሳል። ከሎሚው በኋላ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይነሰነስበትና 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ውኃውን ስቦ ላዩ ላይ ያወጣዋል። ያ ውኃ እንደገና በጨርቅ መጠረግ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፣ ጥብሱን የሚያበላሸውም ይኸው መዝለል ነው።

የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ዱቄቱ እንዲይዝ ዓሣውን በአሬራ ይነክሩታል። አሬራ በአዲስ አበባም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለጾም ግን አይሆንም። በዚያው በአሜሪካ ደቡብ ብዙዎች በአሬራ ፋንታ ሰናፍጭ በስሱ ይቀባሉ፣ ሰናፍጭ ደግሞ የኢትዮጵያ የጾም ገበታ የቆየ ማባያ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለ1 ኪሎ ፊሌቶ ይበቃል። የሰናፍጩ ማቃጠል በሙቀት ይጠፋል፣ የሚቀረው ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ብቻ ነው።

መለወሻው አንድ ተኩል ስኒ የበቆሎ ዱቄትና ግማሽ ስኒ ፉርኖ ዱቄት ነው። ከዚህ ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ይደባለቃል፤ ሚጥሚጣው ጨው ካለበት የዓሣው ጨው ይቀነሳል። የበቆሎው ዱቄት እንደ ሽሮ የላመ ሳይሆን በጣት ሲያሹት አሸዋ አሸዋ የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ ኩርሽምታው የሚመጣው ከዚህ ሸካራ ዱቄት ነውና። ወፍጮ ቤት «አታልመው» ብሎ ማስፈጨት ይቻላል። ዓሣው ተለውሶ ትርፉ ይራገፍና ዱቄቱ እንዲይዝ 10 ደቂቃ ይቀመጣል።

መጥበሻው ወፍራም ብረት ቢሆን ይሻላል፤ ስስ መጥበሻ ቀዝቃዛ ዓሣ ሲገባበት ሙቀቱ ይወድቃል። ለፊሌቶ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ለሙሉ ዓሣ የዓሣውን ግማሽ የሚሸፍን ዘይት ይበቃል። ዓሣው ከአጠገብ ወደ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይገባል፤ ይህ የሚፈናጠረው ዘይት እጅ እንዳያቃጥል ነው። መጥበሻው መጨናነቅ የለበትም። ፊሌቶ በየጎኑ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ የተበጣ ሙሉ ዓሣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይወስዳል። ገና ሽፋኑ ሳይጠነክር ማገላበጥ ያላቅቀዋል፤ በራሱ ከመጥበሻው ሲለቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል። ሲወጣ ወረቀት ላይ ሳይሆን ወንፊት ወይም የሽቦ መደርደሪያ ላይ ይደረጋል፣ አይከደንም፤ የታፈነ እንፋሎት ሽፋኑን መልሶ ያረጥበዋል።

ዘይት

በአዲስ አበባ ገበያ የሚገኙት ዘይቶች ለጥብስ እኩል አይደሉም። ከውጭ የሚገባውና በከተማዋ ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ሙቀትን ይቋቋማል፤ በልብ ጤና በኩል ግን አይመከርም። የሱፍ ዘይት ለቤት ጥብስ ተስማሚ ነው። የኑግ ዘይት ጣዕሙ መልካም ቢሆንም ደጋግሞ ሲግል ቶሎ ይበላሻል። ዘይት ውድ በመሆኑ ደጋግሞ መጠቀም የተለመደ ነው። የዓሣ ጥብስ ዘይት ሲቀዘቅዝ በጥሩ ጨርቅ ተጣርቶ፣ ተከድኖ በጨለማ ቦታ ከተቀመጠ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለዓሣ ሊያገለግል ይችላል። የጠቆረ፣ የተጣበቀ፣ ሳይግል የሚጨስ ወይም ዓሣ ሳይገባበት የሚያረፋ ዘይት መጣል አለበት። ቱቦ ስለሚዘጋ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይደፋም።

አቀራረብና ደኅንነት

የዓሣ ጥብስ ከሎሚ፣ ከአዋዜ ወይም ከዳጣ፣ ከቃሪያና ከዳቦ ጋር ይቀርባል፤ በእንጀራ የሚበሉም አሉ። ሎሚው ገበታ ላይ፣ ሊጎረስ ሲል ነው የሚጨመቀው።

በሐዋሳና በሌሎች ሐይቆች ዳር ዓሣን ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ። በኢትዮጵያ ሐይቆች ዓሦች ውስጥ ግን ኮንትራሲከም የሚባል ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችል ጥገኛ ትል ተገኝቷል፤ ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድሉትም። በደንብ የበሰለ ዓሣ፣ ማለትም ወፍራሙ ቦታ 63 ዲግሪ የደረሰ፣ ከዚህ ስጋት ነጻ ነው። ለማወቅ ወፍራሙ ቦታ በሹካ ይነካል፤ ሥጋው መስታወት መሰል መልኩን ትቶ ነጭ ከሆነና በቀላሉ ከተፈለቀቀ በስሏል። ጭንቅላቱና የፊሌቶ አጥንቱ አይጣሉም፤ ከቀይ ሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር 20 ደቂቃ ያህል ቢቀቀሉ ለሾርባ ይሆናሉ።