በር አንኳኩቶ የሚመጣ ቴአትር

ከላሊበላ ከተማ ተነሥታችሁ ወደ አሸተን ማርያም ስትወጡ መንገዱ እየጠበበ፣ ዳገቱም እየበረታ ይሄዳል። ገዳሙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ እግሩ ብርቱ የሆነ ሰው እንኳ ከከተማው ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በንግሥ ቀን ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይህን ዳገት ይወጣል። የማይወጣም አለ። እግሩ የማይታዘዝለት፣ ወይም የሰው ብዛትና ጫጫታ የሚያስጨንቀው ልጅ ከቤት ይቀራል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ልጁ የሚቀረው ዳገቱ ስለከበደው ብቻ ሳይሆን፣ ወላጆቹ የጎረቤትን ዓይን ስለሚፈሩ ጭምር ነው።

የተለመደው ቴአትርም እንዲህ ላለው ልጅ ሌላ ዳገት ነው። ቴአትር ቤት የገባ ሰው በተመደበለት ወንበር ላይ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ ከሩቅ ማየትና መስማት ይጠበቅበታል። ደስታውን በጩኸት የሚገልጽ ወይም ሳይወዛወዝ መቀመጥ የማይችል ልጅ «አስወጡት» ይባላል። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን በልዩ ልዩ አገሮች ይህን ሥርዓት የለወጡ የቴአትር ቡድኖች ተነሥተዋል። በእነርሱ ዘንድ ልጁ ወደ መድረኩ አይሄድም፤ መድረኩ ወደ ልጁ ይመጣል። ጨዋታውም በቀልደኛ ተዋናይና በሙዚቃ አማካይነት ከልጁ ጋር በምልልስ ይካሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። «ተመልካች» የሚለው ስም «ተመለከተ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ ዓይነ ስውሩን ልጅ ከበር ያስቀረዋል። «ታደመ» ከሚለው ግሥ የተገኘው «ታዳሚ» ይሻላል። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ለዚህ ቴአትር አይበቃም። በሰዋስው ትምህርታችሁ «ባለቤት» የምትሉትን አስታውሱ፤ በዚህ ጨዋታ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ልጁ ነው።

ብዙዎች ክላውን የሚሉት ቀልደኛ ተዋናይ በቀይ አፍንጫውና በሰፊ ጫማው የታወቀ ነው። ዋናው መሣሪያው ግን አለመቻሉ ነው። ባርኔጣውን በእግሩ ሊያጠልቅ ይሞክራል፤ ክራሩን ገልብጦ ይይዛል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ኳስ ፈልጎ ያጣል። ልጁም በጣቱ፣ በዓይኑ ወይም በድምፁ ያርመዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ሌሎች የሚያጎርሱት፣ የሚያለብሱት፣ የሚያነሡትና የሚያስቀምጡት ነው። አሁን ግን ከእርሱ ይልቅ ነገር የማይሆንለት ሰው መጥቶ እርዳታ ይለምነዋል። የሚሳቅበት ተዋናዩ እንጂ ልጁ አይደለም። ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ፤ በአካል ጉዳት ላይ መሳቅ በመንደርም በመድረክም የኖረ ነውር ነውና።

በአገራችን ለዚህ ቅርብ የሆነ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ፣ ቀልደኛ ተዋንያኑን ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እየላከ የታመሙ ልጆችን አጫውቷል። በውጭው ዓለም ደግሞ የሰርከስ ባለሙያው ማይክል ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1986 በኒው ዮርክ ያቋቋመው የሆስፒታል ቀልደኞች ቡድን ለብዙዎች አርአያ ሆኗል። የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ደንብ ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ነው። መርፌንና መራራ መድኃኒትን እምቢ ማለት ያልተፈቀደለት ልጅ፣ ቀልደኛውን ግን እምቢ ሊል ይችላል። «አትግባ» የተባለ ተዋናይም ሳያኮርፍ፣ በገዛ ጫማው ተደናቅፎ ተመልሶ ይሄዳል። አንዳንዱ ልጅ ይህን ሲያይ ስቆ መልሶ ይጠራዋል። ባይጠራውም እምቢታው ይከበራል።

ሙዚቃውም የራሱ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በለንደን የተመሠረተው ኦይሊ ካርት የተባለው ቡድን፣ ተደራራቢ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ልጆች በሚዳሰስ፣ በሚሸተትና በሚሰማ ነገር የተሞላ ቴአትር ያዘጋጃል። ለብ ባለ ውኃ ገንዳ ውስጥ ሳይቀር ተጫውቷል። ከሚጠቀምባቸውም ዘዴዎች አንዱ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በዜማ መጥራት ነው።

ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከከተማው ጋር አንድ ስም ያላቸው፣ «ላሊበላ» እየተባሉ የሚጠሩት የንጋት ዘፋኞች ገና ጎህ ሲቀድ በሰው ደጅ ቆመው ያዜማሉ። የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ይጠይቁና በዜማቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ ሲሰጣቸውም ይመርቃሉ። ማዜሙን ቢተዉ ሥጋ ደዌ እንደሚይዛቸው ያምኑ እንደ ነበር ይነገራል። ሥጋ ደዌ ግን በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነው። እምነቱ ይቅርና ጥበቡን ልብ በሉ፤ ስሙ በዜማ የተጠራ ሰው ከእንቅልፉም ቢሆን ይነሣል።

ስሙን በጆሮው መስማት ለማይችለው ልጅስ? መስማት የተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት የምልክት ስም አላቸው፤ ተዋናዩም ያን ተምሮ ይመጣል። ሙዚቃው ደግሞ በመዳፍ ይሰማል። ከበሮ ሲመታ እጃችሁን በቆዳው ወይም በጎኑ ላይ ብታሳርፉ ንዝረቱ ክንዳችሁን አልፎ ደረታችሁ ድረስ ይዘልቃል። በአማራ ክልል የሚገኘው ሰርከስ ደብረ ብርሃን ከዚህም አልፎ፣ መስማት የተሳናቸውንና ሌሎች አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ራሳቸውን በመድረክ ላይ አሳይቷል።

ከአሸተን ተራራ ሥር ባለ አንድ ግቢ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከበሮና ዋሽንት፣ የሚሸተት ጤና አዳም፣ የሚዳሰስ የበግ ጠጉር፣ በልጆቹ ራስ ላይ እንደ ድንኳን የሚዘረጋ አንድ ነጠላ ይበቃል። ልጆቹ ከአምስት ወይም ከስድስት ባይበልጡ፣ እያንዳንዳቸውም ከሚያምኑት ሰው ጋር ቢቀመጡ ይመረጣል። ከበሮው በዝግታ ይጀምራል። ድምፅ የሚያስፈራው ልጅ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሲፈልግ ይወጣል፤ ሲፈልግ ይመለሳል።

የሚከብደው መጠበቁ ነው። አንዲት ጣት ለማንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ የሚወስድበት ልጅ አለ። ልምድ የሌለው ተዋናይ ዝምታው ያስጨንቀውና ወደሚቀጥለው ቀልድ ይሮጣል፤ ልጁም መልሱን እንደያዘ ይቀራል። ልምድ ያለው ተዋናይ ግን ባርኔጣውን በአንድ እግሩ ላይ እንዳንጠለጠለ ይቆማል። እናትየዋ በልጇ ፈንታ ልትመልስ ስትል በዓይኑ «ቆይ» ይላታል። በመጨረሻ ጣቲቱ ትንቀሳቀሳለች፤ ከበሮው አንድ ጊዜ ይመታል፤ ቀልደኛውም ይወድቃል። ከዚያም ተነሥቶ ባርኔጣውን እንደገና በእግሩ ላይ ያንጠለጥልና ይጠብቃል።